ለስድስት የአትክልት መደቦች ጣውላ መምረጥ፦ ከጅማ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በጅማ ከተማ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚያዘቀዝቅ ሜዳ ላይ አትክልት ለማልማት የተሰባሰቡ የአንድ ሰፈር እናቶች ለመደቦቻቸው ጣውላ የመረጡበትን ሂደት የሚመለከት ነው። በእንጨት ሥራ የቆየሁ ሰው በመሆኔ ከግዢው በፊት እንዳማክራቸው ተጠይቄ፣ ከገበያው ዳሰሳ ጀምሮ ምስማሩ እስኪመታ ድረስ አብሬያቸው ነበርኩ። ያየሁትንና የመከርኩትን፣ እንዲሁም ከሁለት ክረምት በኋላ የታየውን ውጤት እዚህ አስፍሬአለሁ። የማኅበሩንም ሆነ የነጋዴዎቹን ስም መጥቀስ ለጉዳዩ ስለማይጠቅም ትቼዋለሁ።

ቦታውና ጥያቄው

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅና ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስለሚበረታ፣ አፈር የተደገፈበት እንጨት የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ እንደሆነ ያሳልፋል። በኮረብታዎቹ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ በዝቅተኛው ሜዳ ያለው ጥቁርና ተጣባቂ አፈር ግን ውኃውን ቋጥሮ ስለሚይዝ፣ እናቶቹ በመጀመሪያው ዓመት በቀጥታ መሬት ላይ የዘሩት ካሮትና ቀይ ሥር እዚያው በሰበሰ፣ ጥቅል ጎመኑም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የከተማ ግብርናን ካነቃቃ ወዲህ በየግቢው መደብ የሚሠራ ሰው በርክቷል። ብዙዎቹ ግቢዎች ያለ ጣውላም ሊያለሙ ይችላሉ፤ ይህ ሜዳ ግን አፈሩ ከፍ ብሎ ካልተያዘ በክረምት ምንም አያበቅልም ነበር።

ሰብሳቢዋ ሦስት ነገር በግልጽ አስቀመጡልኝ። ልጆች ካሮቱን ነቅለው፣ ለቅለቅ አድርገው በጥሬው ስለሚበሉት እንጨቱ ወደ አፈሩ መርዝ የሚያወርድ መሆን የለበትም። በየዓመቱ አፈር እያወጡ ጣውላ መቀየር ስለማይቻል ቢያንስ አምስት ክረምት መቻል አለበት። ገንዘቡም ከወር መዋጮ የተጠራቀመ ስለሆነ ወጪው ከእሱ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ እንደተለመደው «የትኛው ዛፍ ይሻላል?» የሚል ነበር። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጣውላው ከዚህ በፊት የት ነበር የሚለው ነው ባይ ነኝ፤ የዛፉ ዓይነት የሚወስነው በአብዛኛው ዕድሜውን ሲሆን፣ ለጤና የሚያሰጋው ሰው በኋላ የቀባበት ወይም ያፈሰሰበት ነገር ነው።

ያገለገለ ጣውላ

ከሁሉ ቀድሞ የቀረበው ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ጣውላ ነበር። ኮለንና ወለል ሲሞላ አርማታውን አቅፎ እንዲይዝ የሚመታው ጣውላ ሥራው ሲያልቅ በርካሽ ይሸጣል፤ ዋጋው ከአዲሱ በእጅጉ ስለሚያንስ እናቶቹ ቀብድ ለመክፈል ተቃርበው ነበር። ክምሩ ጠርዙ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ተጋግሮበታል። ሲሚንቶው ራሱ አያሰጋም፤ እንዲያውም የአካባቢያችን አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ከእሱ የምትወርደው ጥቂት ኖራ አትጠላም። የጣውላው ፊት ግን ወደ ጥቁር ያደላ ነበር፤ ውኃ ሲንጠባጠብበት ሳይሰርግ እየተድቦለቦለ ይወርዳል፣ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ጋራዥ ጋራዥ ይላል። አንዱን አውጥቼ በመላጊያ ደጋግሜ ላግሁት፤ የላይኛው ገጽ ከተነሣም በኋላ ከሥሩ የወጣው እንጨት ቡናማ ዥጉርጉር ነበር። ጫፉ በመጋዝ ሲቆረጥ ደግሞ ዘይቱ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ጣት የሚያህል ወደ ውስጥ መዝለቁ ታየ።

ምክንያቱ ለግንበኛ አዲስ አይደለም። አርማታው ከጣውላው ጋር እንዳይጣበቅ፣ ከመሞላቱ በፊት ጣውላውን የተቃጠለ ዘይት መቀባት በየሕንፃው የተለመደ ነው። ይኸው ዘይት በአገራችን ለአጥር ቋሚ ሥርም የምስጥ መከላከያ ተደርጎ ይቀባል። ነጋዴውም ይህንን አልደበቀም፤ «እናቴ፣ ይኼ እኮ ዘይት የጠጣ ጣውላ ነው፤ ምስጥ ዝር አይልበትም» ብሎ ለሰብሳቢዋ እንደ መልካም ጠባይ ነገራቸው። እሳቸውም «ምስጥ የሸሸውን እኛ እንብላው እንዴ ልጄ?» ብለው ገንዘቡን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

ሰብሳቢዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን ነገር ትንሽ ማብራራት ተገቢ ነው። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ በሙቀትና በቃጠሎ የተፈጠሩ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች ይገኛሉ፤ ከነዚህ መካከል ቤንዞ ኤ ፓይሪን የተባለው ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። ከሞተሩ ክፍሎች እየተፋቁ የሚቀላቀሉ ብረቶችም አሉበት፤ እርሳስ አንዱ ነው። ተክሎች እነዚህን ነገሮች በሥራቸው ስበው ወደ ቅጠላቸው የሚያወጡት ብዙ አይደለም። ዋናው መንገድ በካሮትና በድንች ልጣጭ ላይ ተጣብቆ፣ ወይም ዝናብ ሲመታ ወደ ሰላጣና ቆስጣ ቅጠል ተፈናጥሮ የሚመጣው አፈር ራሱ ነው። በጥሬው የሚበላ ነገር በሚዘራበትና ልጆች እጃቸውን በሚያስገቡበት መደብ ላይ ይህንን መንገድ ከፍቶ መተው ከጣውላው ላይ ለሚተርፈው ብር የሚመጥን አልመሰለኝም።

ሁለተኛው ሐሳብ ከአገልግሎት የወጣ የመብራት ምሰሶ ገዝቶ ማሰንጠቅ ነበር። ምሰሶው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለዓመታት መሬት ውስጥ ቆሞ የማይበሰብሰው ግን መድኃኒት በግፊት ስለገባበት ነው። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ክሪዮሶት የሚባል ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚሸት ፈሳሽ ሲሆን፣ ከተቃጠለው ዘይት ጋር የሚዛመዱ ውህዶችን በብዛት ይይዛል። ሌላው የመዳብ፣ የክሮምና አርሰኒክ የተባለው መርዝ ቅልቅል ሲሆን እንጨቱን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ይሰጠዋል። ከዚህ ቅልቅል አርሰኒኩ ቀስ በቀስ ወደ አፈር ስለሚወርድ፣ በአሜሪካ አምራቾቹ በፈረንጆች 2003 መጨረሻ ለመኖሪያ ቤትና ለጓሮ ሥራ መሸጡን አቁመዋል።

ለእኛ አገር ደግሞ ከአፈሩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ቁርጥራጩ ነው። በጅማ የትኛውም የእንጨት ቁርጥራጭ የሚያርፈው ከምጣድ ሥር ነው፤ ማንም ሰው «ይህን አታንድዱ» ተብሎ የተቀመጠ ማገዶ አያስተርፍም። አርሰኒክ የገባበት እንጨት ሲነድ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ አመዱም ውስጥ ይቀራል፤ ያ አመድ ደግሞ ተመልሶ ለጎመን ማዳበሪያ ይበተናል። ስለዚህ ምሰሶው የተሰነጠቀ ሆኖ በነጻ ቢሰጥ እንኳ እንዳይቀበሉ መከርኩ።

ፓሌትም፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደላድል፣ ተነሥቶ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ፓሌት ላይ የስንዴ ዘለላ ምልክት ያለበት ማኅተም ይገኛል፤ በማኅተሙ ላይ ኤችቲ የሚል ካለበት እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ የተሞቀ፣ ኤምቢ የሚል ካለበት ደግሞ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ ጋዝ የታጠነ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛውን መተው ነው። የመጀመሪያውም ቢሆን ከላዩ ላይ ምን እንደፈሰሰበት ማኅተሙ አይናገርም፤ ሰሌዳውም ስስ ስለሆነ ለጅማ ዝናብ አይበቃም። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ገና በመጀመሪያው ዝናብ ስለሚያብጡ አልተነጋገርንባቸውም።

አዲስ ጣውላ

ወደ አዲሱ ስንመጣ፣ የዋንዛ ስም መነሣቱ አልቀረም። የጅማ ሰው ዋንዛን በሦስት እግር በርጩማው ያውቀዋል፤ የእንጨቱ ልብ፣ ማለትም መሀሉ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ክፍል፣ ምስጥንም ሆነ መበስበስን ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ውድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም፣ የአገር በቀል ጣውላ ሲገዛ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ አስፈላጊ ነው። ወረቀቱ ቢኖርም እንኳ ወንበርና በር የሚሆን ዋንዛን አፈር ለመደገፍ ማዋል አይዋጥልኝም። ዝግባ ደግሞ ለቤት ውስጥ ሥራ ያማረ ቢሆንም አፈር ሲነካው ቶሎ ይበሰብሳል።

በተግባር የቀሩት ሦስት ነበሩ። ግራቪሊያ በየቡና ማሳው ለጥላና ለድንበር ስለሚተከል በቀላሉ ይገኛል፤ ለመጋዝም ለምስማርም የዋህ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉ ያንሳል፤ እርጥብ አፈር ላይ ግን ዕድሜ የለውም። የፈረንጅ ጥድ በተከላ ደን የሚበቅል፣ ቀጥ ያለና ቀላል እንጨት ሲሆን ልቡ መበስበስን በመጠኑ ይችላል፤ ዳር ዳሩ ያለው ነጩ ክፍል አይችልም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ሲሆን፣ በአንድ ስም ቢጠራም አንድ ዓይነት እንጨት አይደለም። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ለምስጥ ይንበረከካል፤ ቀይ ባሕር ዛፍ ግን ዛፉ ከጎለመሰ ልቡ ከባድ፣ ጠንካራና አፈር ውስጥ የሚቆይ ነው።

እዚህ ላይ ገዢው መታለል የሚጀምረው «ቀይ ባሕር ዛፍ ነው» በሚለው ቃል ረክቶ ሲቀር ነው። በጣውላ ተራ የሚገኘው አብዛኛው ባሕር ዛፍ በለጋነቱ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከጣውላው ወርድ የሚበዛው ገና ልብ ያልሆነ ነጭ እንጨት ነው። ይህ ነጭ ክፍል የየትኛውም ዛፍ ቢሆን ስኳርና ስታርች ስላለው ለፈንገስም ለምስጥም ምግብ ነው። የሚታየው የጣውላው ጎን ሳይሆን ጫፉ ነው፦ ጫፉ በውኃ ረጠብ ሲደረግ ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ነጩ ክፍል ደግሞ ዳር ላይ ገርጥቶ ይቀራል። ከአንድ ክምር እየመረጥን ስናወጣ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም፣ በብዛት የምንወስድ መሆናችንን ሲያይ ረገብ አለ። ጣውላን አንድ በአንድ ማየት የገዢ መብት ነው፤ ሰብሳቢዋ ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ ሳይመርጡ አይወስዱም።

ከአባላቱ አንዷ «ባሕር ዛፍ አፈሩን አይመርዝም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ሰብል እንደማይሆን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ያ ግን በሕይወት ያለው ዛፍ ውኃና ምግብ ስለሚሻማና ቅጠሉ ሲረግፍ የሌላውን ዘር እድገት የሚያቀጭጩ ነገሮች ስለሚያወርድ ነው። ተሰንጥቆ የደረቀ ጣውላ ሥርም ቅጠልም የለውም፤ ቅጠሉንና ቅርፊቱን መደቡ ላይ እንደ ጉዝጓዝ ከመበተን መቆጠብ ይበቃል።

ዋጋውን በዕድሜው ማካፈል

እናቶቹ ዋጋውን የሚያነጻጽሩት በአንድ ጣውላ ነበር፤ በዚህ ስሌት ግራቪሊያ ያሸንፋል። እኔ የጠየቅኋቸው ዋጋውን ይቆያል ተብሎ በሚታሰበው ክረምት ብዛት እንዲያካፍሉት ነው። አንዱ ጣውላ የሌላውን ግማሽ ቢያወጣ፣ ነገር ግን በሁለት ክረምት ውስጥ ቢያልቅና ሌላው አምስት ወይም ስድስት ቢቆይ፣ ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጣውላ ለመቀየር አፈሩ መውጣትና መመለስ አለበት። እያንዳንዱ መደብ አንድ ሜትር ኩብ ያህል አፈር ስለሚይዝ፣ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ከጣውላው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሲያዩት ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ያም ሆኖ ሁሉንም በቀይ ባሕር ዛፍ ልብ ለመሥራት ገንዘቡ አልበቃም። የተወሰነው መደቡን በሁለት ረድፍ ጣውላ ሠርቶ፣ ታችኛውን ረድፍ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የቀይ ባሕር ዛፍ ልብ፣ ላይኛውን ደግሞ በሳሳ የፈረንጅ ጥድ ማድረግ ነው። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር አብረው በሚያገኙት ቦታ ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው መሬቱን የሚነካው ረድፍ ነው፤ ላይኛው ዝናቡ ባባራ ቁጥር የመድረቅ ዕድል ያገኛል። የአፈሩም ግፊት ወደ ታች ሲኬድ ስለሚበረታ ወፍራሙ ጣውላ ታች መሆኑ በሁለት መንገድ ይጠቅማል።

ልኩም ብክነት እንዳይኖር ተደርጎ ተቀመጠ። ጣውላ በአብዛኛው በ4 ሜትር ርዝመት ስለሚሸጥ፣ አንዱ 2.80 እና 1.20 ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጎን ይሰጣል፤ ሁለት ጣውላ የአንድ ረድፍ ዙሪያ ይሞላል። የ1.20 ሜትር ወርድ ከሁለቱም ጎን እጅ እስከ መሀል እንዲደርስ ያስችላል። ጣውላው 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ስላለው በሁለት ረድፍ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይገኛል፤ ለካሮትም ለቀይ ሥርም ይበቃል። አምስቱ መደቦች በዚህ መልክ ተሠሩ። ለስድስተኛው አንዲት አባል ከባለቤታቸው የቡና ማሳ ግራቪሊያ ስላመጡ፣ ስጦታ አይመለስምና በእሱ ተሠራ፤ ለንጽጽርም ጠቀመን።

አሠራሩ

ጣውላው የተገዛው በጥር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ተመትቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ፣ ከላይ ድንጋይ ተጭኖበት ዝናቡ እስኪቃረብ ቆየ። በተቆረጡት ጫፎች ላይ ብቻ የተልባ ዘይት ተቀባ፤ እንጨት ውኃ የሚጠጣው በብዛት በጫፉ ስለሆነ ለቀረው ማባከን አላስፈለገም። ባሕር ዛፉ ምስማር ሲመታበት ስለሚፈነዳ አናጺው ቀዳዳውን አስቀድሞ በመሰርሰሪያ አወጣ።

ጣውላውን ደግፈው የሚይዙት ችካሎች የቆሙት ከመደቡ ውጭ ነው። መሬት ውስጥ የሚገባው ችካል ከማንኛውም ክፍል ቀድሞ መበስበሱ ስለማይቀር፣ ውጭ ከሆነ አፈር ሳይነካ ነቅሎ መተካት ይቻላል። አናጺው «ጋሼ፣ የችካሉን ሥር ብቻ ዘይት ላስነካው?» ብሎኝ ነበር፤ ሥሩም ቢሆን ከአትክልቱ አፈር አንድ ስንዝር ስለማይርቅ በእሳት ለብለብ ማድረጉን መረጥን፤ የዕድሜ ጭማሪው ግን ትንሽ ነው። ታችኛው ጣውላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይህም ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመውጣት የጭቃ መንገዱን በድንጋዩ ፊት ላይ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው፣ መንገዱ በዓይን ይታይና ይፈርሳል። ከውስጥ በኩል የጎኖቹ ግድግዳ በታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸፈነ፤ የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ እንዳይገባ ተጠንቅቀናል። የመደቡ ወለል ውኃው እንዲወርድ ክፍት ቀረ። አፈሩ ከኮረብታው የመጣ ቀይ አፈር፣ የተብላላ ፍግና ከርሞ የበሰበሰ የቡና ገለፈት ነው፤ ትኩሱ ገለፈት ችግኝ ስለሚያቀጭጭ አልገባም።

ከሁለት ክረምት በኋላ

ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ በጥቅምት ሁሉንም ጣውላ በካቻቢቴ እየወጋሁ አየሁ። የቀይ ባሕር ዛፉ ልብ ካቻቢቴውን አላስገባም፤ ነጭ ክፍል አምልጦን በገባባቸው ሁለት ጣውላዎች ላይ ግን ጠርዙ ለስልሶ ነበር። አንዱ መደብ ጥግ ላይ ባሕር ዛፉ ተጣሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስለተፈጠረ በብረት ቁራጭ ተይዟል። የፈረንጅ ጥዱ ከመገርጣቱ በቀር ጤነኛ ነው። ሁለት ችካሎች ምስጥ ገብቶባቸው ተተክተዋል፤ ሥራው አፈር ሳይነካ አልቋል። በግራቪሊያው መደብ ታችኛው ረድፍ ላይ ካቻቢቴው በእጅ ግፊት ብቻ ገባ፣ ምስማሮቹም በዙሪያቸው እንጨቱ በስብሶ ላልተዋል፤ ላይኛው ረድፍ ግን አሁንም ይይዛል።

ስለዚህ ማኅበሩ ስድስተኛውን መደብ ሙሉ በሙሉ ሳያፈርስ ታችኛውን ረድፍ ብቻ በቀይ ባሕር ዛፍ ልብ ለመተካት ወስኗል። የሚያስፈልጉት ሁለት ጣውላዎች ናቸው። በጥር ተገዝተው በጥላ ከደረቁ በኋላ፣ በመደቡ ላይ ያለው ቀይ ሥር ሲነቀልና አፈሩ ሲቀል፣ መጋቢት ሳይገባ ይመታሉ።